«እኔም አዋጣለሁ»

እኔ ጋ እሑድ ጠዋት፣ ደሴ ላይ ደግሞ አመሻሽ ሲሆን ከእናቴ ጋር በዋትሳፕ እንተያያለን። የቆየ ልማዳችን ነው። ባለፈው ክረምት ግን አንድ የሥራ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንዲሁ ናፈቀችኝና ደወልኩ። «ኮሊንግ» ይላል እንጂ «ሪንጊንግ» አይልም። ቆየት ብዬ ደገምኩ። ያው ነው። ያልተነሳ ስልክ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሚያመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ በመደበኛው ስልክ፣ በደቂቃ እየተቆጠረብኝ፣ ቁጥሯን መታሁ። ወዲያው አነሳችው።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«እኔስ ሰላም ነኝ። አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽብኝ።»

«የት እጠፋለሁ? ዳታውን አጥፍቼው ነው። የማበራው እሑድ እሑድ ነው።»

ለምን እንደምታጠፋው ጠየቅኳት። ጥቅል የምትሞላላት የጎረቤት ልጅ ናት። ዳታው በርቶ ከዋለ ሳታውቀው ያልቅባታል። ስለዚህ ለእኔ ጥሪ ብላ ታስቀምጠዋለች። ይህን ስትነግረኝ ቅሬታ አልነበራትም። እንዲያውም ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር። «ድሮ አንተ ብቻ ነበርክ የምትከፍለው» አለችኝ። «አሁን እኔም አዋጣለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህ አነጋገሯ አልለቀቀኝም። እኔ ከቤቴ ዋይፋይ ስደውል ለዚያ ጥሪ ብዬ የማወጣው ሳንቲም የለም። የወር ሂሳቤ ብደውልም ባልደውልም አይለወጥም። እሷ ግን በሜጋባይት ትገዛለች። ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ይበላል። የእኔ ፊት ደሴ እንዲደርስ የመጨረሻውን መንገድ የምትከፍለው በጡረታ የምትኖር እናቴ ናት። ይሄ እንዴት ሆነ? ማን ወሰነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዓለም አቀፍ ስልክና ኢንተርኔት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የነበረው ይህን ለማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚስድ ኮል ሕግ

የካርዱን ዘመን መቼም ሁላችንም እናስታውሰዋለን። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ሱቅ መስታወት በኮሊንግ ካርድ ማስታወቂያ የተሸፈነ ነበር። እንጀራና በርበሬ ገዝተህ ስትወጣ አንድ ካርድ ትጨምራለህ። ትፍቀዋለህ፣ ረጅሙን ቁጥር ትመታለህ፣ ስልኩ ውስጥ የተቀዳችው ሴትዮ የቀረህን ደቂቃ ትነግርሃለች። የተነገረህ ደቂቃ ብዙ ጊዜ አይሞላም ነበር። ይህ የኛ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን በ2008 እና በ2009 ያስተዋወቁትን ደቂቃ አይሰጡም ያላቸውን የካርድ ሻጮች ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል።

ከካርዱ በፊት ደግሞ የባሰ ነበር። በ1990ዎቹ በመደበኛ ስልክ ኢትዮጵያ መደወል በደቂቃ ከአንድ ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ድምፁ የሚጓዘው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ድምፅህ ወጥቶ ሱሉልታ ጣቢያ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱም እንደዚያው። ሁለታችንም «ሃሎ» ብለን፣ ሁለታችንም ዝም ብለን፣ እንደገና እኩል «ሃሎ» የምንለው ለዚህ ነበር። ውድ የሆነው ደቂቃ በ«ይሰማል?» ያልቅ ነበር።

እናቴ በዚያ ዘመን የነበራት መላ ሚስድ ኮል ነው። አንዴ ጠርታ ትዘጋለች። «ደውልልኝ» ማለት ነው። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ ነበር፤ ያለው ይደውላል፣ የሌለው ጠርቶ ይዘጋል፣ የተደወለለት አይከፍልም። እናቶቻችን ይህን ሕግ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ጉልበታቸው ነበር ማለትም ይቻላል። አንድ ብር ሳያወጡ ከአሜሪካ ልጃቸውን ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይችሉ ነበር።

ይህ ሕግ የቤተሰብ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሳነብ ግን የዓለም አቀፉ የስልክ ሥርዓት ራሱ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት።

ደቂቃው ሲሸጥ ገንዘቡ የት ይገባ ነበር

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ጥሪ ሲሄድ ሁለት ድርጅቶች ይሠራሉ። አንዱ ጥሪውን ይልካል፣ ሌላው ተቀብሎ እናቴ ቤት ያደርሳል። ደዋዩ የከፈለው ለላኪው ነው። ላኪው ደግሞ ለተቀባዩ ድርሻውን መስጠት አለበት። ስለዚህ የየአገሩ ቴሌኮሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው በደቂቃ ዋጋ ይስማማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ግማሽ በግማሽ ይካፈላሉ። በየጊዜው ደቂቃው ይቆጠራል፣ ብዙ የደወለው አገር ልዩነቱን በዶላር ይልካል።

አሜሪካ ሁልጊዜ ብዙ ትደውላለች። ስደተኛው እዚያ ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ በዚህ ሂሳብ ለሌሎች አገሮች የምትከፍለው የተጣራ ገንዘብ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ያ ሁሉ ያስመረረን የደቂቃ ዋጋ በከፊል ወደ አገር ቤት ይመለስ ነበር ማለት ነው። ከሱቁ የገዛሁት ካርድ፣ ዋጋው ሲበተን፣ ጥቂቱ እናቴ ስልክ ድረስ የተዘረጋውን መስመር ያዘረጋ ሊሆን ይችላል።

ሥርዓቱን ማሞገሴ አይደለም። ዋጋው የተሰቀለው በየአገሩ አንድ ብቻ ቴሌ ስለነበረና የሚፎካከረው ስላልነበረ ነው። የገባው ዶላር ሁሉ ሽቦ መዘርጊያ ሆነ ብሎ የሚከራከርም አይገኝም። ድሃ አገር ያለ ሰው ለልጁ ቢደውል የሚከፍለውም ያው ውድ ዋጋ ነበር። አሜሪካ በ1997 «በቃኝ» አለች። የቴሌኮም ተቆጣጣሪዋ ኤፍሲሲ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለውጭ አገር ቴሌኮም በደቂቃ ሊከፍሉ የሚችሉትን ጣሪያ አወጣ፤ ለሀብታም አገሮች 15 ሳንቲም፣ ለመካከለኞቹ 19፣ ለድሆቹ 23። ከመቶ ሰው አንድ ስልክ እንኳ ያልደረሳቸው አገሮች እስከ 2003 መባቻ ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው። ኢትዮጵያ ያኔ ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

ብዙ መንግሥታት ተቃወሙ። የሁለት አገሮችን ስምምነት አንዷ ብቻዋን እንዴት ትወስናለች አሉ። እውነት ነበራቸው። አሜሪካም እውነት ነበራት፤ ዋጋው ከወጪው ጋር አይገናኝም ነበር። ለእኛ ደዋዮች ግን ነገሩ የታየን በካርዱ ላይ ነው። ባለአምስት ዶላሩ ካርድ የሚሰጠው ደቂቃ በየዓመቱ ጨመረ። ደስ አለን። ማን ምን እንደቀረበት የጠየቀ የለም።

ከዚያም በጓሮ የሚገቡ ጥሪዎች መጡ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከአሜሪካ ደውለን እናቶቻችን ስልክ ላይ የሚታየው የአገር ውስጥ 09 ቁጥር ነበር። «ማን ነው?» እያሉ ነበር የሚያነሱት። ጥሪው በኢንተርኔት አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሲም ካርድ የታጨቀበት ሲም ቦክስ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ይወጣል። የተቀባይ አገር ድርሻ አይከፈልም። ካርዱ ርካሽ የሆነው አንዱ በዚህ ነው። መንግሥት በ2012 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ን (የአዋጁ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) ሲያወጣ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ አገልግሎቱን ያገኘውም ቀለል ባለ እስራት ይቀጣል። ያኔ «ስካይፕ ሊከለከል ነው» ተብሎ ዓለም ሁሉ ጮኸ። መንግሥት ግለሰብ ስካይፕ መጠቀሙ አልተከለከለም ብሎ አብራራ። አዋጁ ከባድ ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። አንዱ መነሻው ግን ያች የጠፋችው የደቂቃ ድርሻ ናት።

የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ትግል የሚደረግባት ደቂቃ ራሷ እያለቀላት ነበር። ስካይፕ በ2003 ተጀመረ። ቴሌጂዮግራፊ የተባለው የገበያ አጥኚ እንዳሰላው በ2013 የዓለም ቴሌኮሞች ሁሉ ያስተላለፉት ዓለም አቀፍ ጥሪ 547 ቢሊዮን ደቂቃ ሲሆን፣ ከስካይፕ ወደ ስካይፕ የተደረገው ብቻ 214 ቢሊዮን ነበር። በ2015 ዋትሳፕ ድምፅ ጨመረ። የቴሌኮሞቹ ደቂቃ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ነው። ስካይፕም በተራው ግንቦት 2025 ላይ ተዘጋ።

እጅ በመጨባበጥ የቆመ ገበያ

ኢንተርኔት ሌላ ሕግ ይዞ መጣ። የእናቴን ነገር ያስረዳኝ ይህ ክፍል ነው።

በኢንተርኔት ደቂቃ የሚቆጥር የለም። ላኪ ለተቀባይ ድርሻ አይልክም። ሁለት ትልልቅ ኔትወርኮች ከተገናኙ «ያንተን እቀበላለሁ፣ የኔን ተቀበል» ብለው በነፃ ይለዋወጣሉ። በ2011 በዓለም ዙሪያ ከ142 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ተጠንተው ነበር። 99.5 በመቶው የተጻፈ ውል የላቸውም። በቃል፣ እጅ በመጨባበጥ የተደረጉ ናቸው። መጀመሪያ ሳነበው በጣም ደስ አለኝ። የዓለም መረጃ የሚመላለሰው በመተማመን ነው ማለት ነው።

ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እጅ የሚጨባበጡት የሚደራረሱ ሰዎች ናቸው። ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ወይም ማርሴ ያለው ኔትወርክ ከጎኑ ካለው ጋር ይጨባበጣል። አፍሪካ ያለው ግን መጀመሪያ እዚያ መድረስ አለበት። የሚደርስበትን መስመር ይከራያል፣ ሲደርስ ደግሞ ከትልልቆቹ ትራንዚት፣ ማለትም ወደ ተቀረው ኢንተርኔት ማለፊያ፣ ይገዛል። በስልኩ ዘመን በሁለት አገሮች መካከል ያለውን መስመር ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ይችል ነበር። በኢንተርኔት ሙሉውን የሚችለው ሩቅ ያለው ሆነ። የሚሄደውንም የሚመጣውንም።

የአፍሪካ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ማኅበር ይህን ጉዳይ በ2002 አንስቶ በብርቱ ተከራክሯል። እዚያው አፍሪካ ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ ያሳዝን ነበር። ናይሮቢ ውስጥ የሁለት ጎረቤት መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል በባሕር ማዶ ዞሮ ነበር የሚመለሰው። ኬንያውያን በ2000 መጨረሻ ላይ የአገር ውስጥ መለዋወጫ ጣቢያ ከፈቱ። ያኔ የአገሪቱ ብቸኛ የነበረው ቴሌ አቤት አለና በተከፈተ በሁለት ሳምንቱ ተዘጋ። ዳግም የተከፈተው በ2002 ነው።

እንግዲህ እናቴ የምትከፍለው ከዚህ የሚጀምር ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ነው። አቅራቢዋ ድርጅት የባሕር ማዶውን መንገድ ይገዛል። ባሕር በር የሌለው አገር ስለሆነ ባሕሩ ጋ ለመድረስም በጎረቤት ያልፋል። ይህን ሁሉ ከደንበኛው ይሰበስባል። ለሜጋባይቱ ደግሞ የደወለ ወይም የተደወለለት አይልም። ሚስድ ኮል አይሠራም። እናቴ ጠርታ ብትዘጋም፣ እኔ መልሼ ስደውል የእሷ ጥቅል ይቆረጣል። ያ የድሮው ሕግ፣ የሌለው አይክፈል የሚለው፣ ማንም ሳይሽረው ቀረ።

ሕጉን መልሶ ለማምጣት የሞከሩ አልጠፉም። በ2012 ዱባይ ላይ ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ደንብ ሲሻሻል፣ የአውሮፓ ቴሌኮሞች ማኅበር ቀድሞ «ላኪ ይክፈል» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የአንዳንድ አፍሪካ አገሮች ጆሮ አግኝቷል። ደንቡ ውስጥ ግን አልገባም። ደንቡን ራሱ የፈረሙት 89 አገሮች ናቸው፤ አሜሪካና እንግሊዝ በሌሎች ምክንያቶች አልፈርምም ብለው ወጡ።

ደቡብ ኮሪያ ሕጉን ሞክራዋለች። ከ2016 ጀምሮ የአገሪቱ ኔትወርኮች እርስ በርስ ላኪ ይክፈል ተባለ። ውጤቱ ያሰቡት አልሆነም። ወጪው ዞሮ ቪዲዮ አቅራቢዎች ላይ ዐረፈ። ትዊች የተባለው የቀጥታ ቪዲዮ ድርጅት የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ አገሮች በ10 እጥፍ ይበልጣል ብሎ በየካቲት 2024 ኮሪያን ለቆ ወጣ። ይህን ሳነብ የድሮው ሥርዓት ይመለስ የሚለው ሐሳቤ ቀዘቀዘ። ኮሪያን የሚተው ድርጅት ደሴን ቀድሞ አይተውም?

ከጅቡቲ በላይ

መንገዱን በካርታ ለማየት ሞከርኩ። ከደሴ አዲስ አበባ። ከዚያ ለምሳሌ ጅቡቲ። ከጅቡቲ የባሕር ስር ገመዶች በቀይ ባሕር ሽቅብ ይሄዳሉ፣ ግብፅን በየብስ ያቋርጣሉ፣ ሜዲትራኒያን ይገባሉ፣ ብዙዎቹ ማርሴ ይወጣሉ። ከዚያ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ሌላ ገመድ። በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሄደው በእነዚህ ገመዶች ነው። ጥልቁ ባሕር ላይ ያለው ገመድ ውፍረቱ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቢያህል ነው።

በየካቲት 2024 ሩቢማር የምትባል መርከብ ከየመን በተተኮሰ ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቹ ጥለዋት ወጡ። መልህቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች፣ ከቀናት በኋላም ሰመጠች። በዚያው ሰሞን እዚያው አካባቢ ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ ኤኤኢ-1፣ ሲኮም እና ኢአይጂ። መልህቋ ሳይቆርጣቸው አልቀረም ተብሎ ይታመናል። መጠገኛ መርከብ ለመላክ ከየመን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመን ደግሞ ሁለት መንግሥት አላት። ጥገናው ወራት ፈጀ። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የገመድ ብልሽት ያጋጥማል፣ አብዛኛው በዓሣ አጥማጆችና በመልህቅ ነው። ብዙ ገመድ ያለው አገር አይሰማውም። መረጃው በሌላው ይዞራል። የቀይ ባሕር ዳር አገሮችና ከጀርባቸው ያሉት ግን አማራጫቸው ትንሽ ነው።

በሰው እጅ የሚቆረጥም አለ፣ በትእዛዝ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ብዙዎች የእናት የአባታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ከዓመት በላይ ቆይተዋል። የመልህቁን ጠጋኝ መርከብ ያስተካክለዋል። ያንኛውን የሚጠግን መርከብ የለም። ስለ ዋጋ በምጽፍበት ገጽ ላይ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም።

ገመዱ የማን ነው የሚለውም ተለውጧል። ድሮ የቴሌኮሞች ማኅበር ነበር የሚያስቀብረው። ዛሬ ከዓለም አቀፉ የመረጃ ፍሰት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእነ ጉግል፣ ሜታ፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ነው። ስለዚህ ገመዱን ራሳቸው ይዘረጋሉ። ሜታ ከቴሌኮሞች ጋር የዘረጋው ቱአፍሪካ የተባለው ገመድ አፍሪካን ይከባል፣ ርዝመቱ 45,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጅቡቲም ከማረፊያዎቹ አንዷ ናት። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ገመድ ሲበዛ የጅምላ ዋጋ ይወርዳል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኛ ግን ጅቡቲ ላይ የሚደርሰውን ዓባይ አይተናል። ከዚያ እስከ እናቴ ስልክ ያለው ቧንቧ ነው የቀጠነው።

ሻርጃ ያለችው

አንድ ቤተሰብ በሦስት አገር ሲበተን ሦስት ሕግ ይገዛዋል። የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትሳፕ መጻፍ ይቻላል፣ መደወል ግን ዝግ ነው። የሚፈቀዱት ፈቃድ ያወጡ መተግበሪያዎች ናቸው። ቦቲም በሁሉም ልጆች ስልክ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። በ2018 ሲጀመር ደግሞ ለመደወል ከዳታው ሌላ ወርኃዊ የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል መግዛት ግድ ነበር።

እሷ እናቷን ስታገኝ በሁለቱም ጫፍ ክፍያ አለ። እኔ እናቴን ሳገኝ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም በእናቴ ጫፍ። ከሁላችን ብዙ ገንዘብ የማገኘው እኔ ነኝ። ከሁላችን ትንሽ የምከፍለውም እኔ ነኝ።

ሂሳቡ ሲመለስ

ከዚያ ቀን በኋላ ለእናቴ ከዚህ ሆኜ ጥቅል መሙላት ጀመርኩ። ስልክ ላይ መተግበሪያ አለ፤ ካርድ ትከፍላለህ፣ እዚያ ይገባል። መጀመሪያ ተቆጣች። «የኔን ድርሻ ለምን ትነጥቀኛለህ?» አለችኝ። የምሯን ነበር። ስለዚህ ተስማማን። የሥራ ቀኖቹ የኔ፣ እሑድ የእሷ። እሑድን አልነካም።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግር ሁሉም የሚያደርጉት ሆኖ አገኘሁት። የወላጆቻቸውን ጥቅል የሚሞሉት እነሱ ናቸው። አንዷ ለእናቷ ብቻ ሳይሆን ለእናቷ ጎረቤትም ትሞላለች። እንግዲህ ያ የድሮው ዶላር፣ ኤፍሲሲ በሳንቲም የተከራከረበት፣ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። ያኔ መንግሥታት በውል ይወራረዱት የነበረውን ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ በግሉ ይከፍለዋል። በድሮው ሥርዓት ግን ገንዘቡ የሚገባው ለኔትወርኩ ነው። ልጅ ውጭ የሌላት እናትም በተዘረጋው መስመር ትጠቀም ነበር፣ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ። አሁን የሚጠቀመው ልጅ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም የሚከፍል ልጅ። እናቴ ሌላ ጎረቤት አለቻት፤ ልጇ ቤሩት ናት። ደመወዟ በሰዓቱ አይደርሳትም። እናትየው ዳታ የሚሞላላት የላትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን ተረት ያነሳሁት ሸክሙን በየግል ከመሸከም በጋራ መሸከም ይሻላል ለማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ለ2025 ያስቀመጠው ግብ ነበር፤ መነሻው የኢንተርኔት ጥቅል ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ እንዳይበልጥ። ጥሩ ግብ ነው። ግን የሚለካው በአማካይ ነው። በጡረታ የምትኖር እናት አማካይ አይደለችም። ለእሷ የሚያስፈልገው በተናጠል የሚሰጥ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። እያንዳንዱ ሲም በወር ትንሽ ዳታ በነፃ ይኑረው። የሳምንት አንድ ጥሪ የሚያህል። ብዙ አገሮች ከቴሌኮሞች ገቢ ተቀንሶ የሚጠራቀም የሁሉን አቀፍ አገልግሎት ፈንድ አላቸው፤ ለዚያ ይዋል። ገመድ የሚዘረጉት ትልልቅ ኩባንያዎችም ወደ ፈንዱ ያዋጡ፤ ትርፋቸው ከእኛ ጥሪና ቪዲዮ ነውና። ዳታው ለዋትሳፕ ብቻ ወይም ለፌስቡክ ብቻ መሆን የለበትም። ሕንድ በየካቲት 2016 የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ በነፃ የሚሰጠውን አሠራር ስትከለክል ትክክል ነበረች፤ ድሃው ለአንድ ኩባንያ አጥር ውስጥ መታሰር የለበትም። እናቴ ከፈለገች ትደውልበት፣ ከፈለገች የቅዳሴ ቪዲዮ ትይበት።

ወጪውን ማን ይችላል የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የቴሌኮም ሥራ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ «በሚሊዮን ሲም ስታባዛው ቀላል አይደለም» ብሎኛል። ልክ ነው። ግን ኔትወርኩ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይጨናነቃል እንጂ ጎሕ ሲቀድ ባዶ ነው። ነፃውን ዳታ ኔትወርኩ ባልተያዘበት ሰዓት መስጠት ይቻላል፤ ያን ሰዓት የተዘረጋው አቅም ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ወዳጄ በዚህ ላይ አልተከራከረኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ እናቶች ማልደው ስለሚነሱ ለእነሱ አያስቸግርም፣ አንተ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ልታመሽ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ዋጋ እከፍላለሁ።